በስማችን የተሰቀለው ሳህን የማን ነው? ለምግብ አድራሽ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የምግብ አድራሽ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ምሳውን በስልኩ ለሚያዝዝ የድሬዳዋ ነዋሪ
ግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በከዚራ፣ በመጋላ፣ በለገሃሬና በሳቢያን አነስተኛ ምግብ ቤት ያለን ሰዎች ተሰብስበን «አንቺ ጻፊልን» ስላሉኝ ነው። የእርስዎንም የድርጅትዎንም ስም ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው። ቅሬታችን ከአሠራሩ ጋር እንጂ ከሰው ጋር አይደለም፤ ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ ደግሞ ቀጣዩን አንቀጽ ሲያነቡ ያውቁታል።

ባለፈው ጥር ማብቂያ ላይ በስልካችን አጭር ማስታወቂያ ላካችሁ። ከየካቲት ጀምሮ «ደረጃውን የጠበቀ» ፎቶ የሌለው ምግብ ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ እንደሚወርድ፣ ፎቶ ላላቀረበ ምግብ ቤት ድርጅቱ ራሱ «ተስማሚ ምስል» እንደሚመርጥለት፣ የእናንተ ባለሙያ መጥቶ እንዲያነሣለት የሚፈልግ ደግሞ በየምግቡ ዓይነት እንደሚከፍል ይናገራል። አስተያየት አልተጠየቅንም። ከሳምንት በኋላ ዝርዝራችንን ስንከፍት የማናውቀው ምግብ በስማችን ተሰቅሎ አገኘነው።

የፎቶን ኃይል የምንክድ ሰዎች አይደለንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በስልክ ያነጋገረን ሠራተኛችሁ «ዘመናዊ አሠራር ስለማይገባችሁ ነው» ስላለን ነው። ገብቶናል። አማርኛ ራሱ ጉዳዩን ከጨረሰው ቆይቷል። ምግቡ አማረ እንላለን፤ ምግቡ አማረኝ እንላለን። መልክን የሚያደንቀውና አምሮትን የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ በመካከላቸው ያለችው አንዲት «ኝ» ብቻ ናት። እናቶቻችንም «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ይሉ ነበር። እነዚያው እናቶቻችን ታዲያ መሶቡን በጨርቅ ሸፍነው፣ ሲበላ በር ገርበብ አድርገው ነው ያሳደጉን፤ የሰው ዓይን ገበታ ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን ይፈሩ ነበርና። ዛሬ ጨርቁ ተገልጦ ገበታው በየሰው ኪስ ገብቷል። ይሁን፤ ለገበያችን ጥሩ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ ደግሞ የተመራማሪዎችን ነገር አንብባ አስረድታኛለች። ሙኒክ ያለው የማክስ ፕላንክ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የሚያስጎመጅ ምግብ ምስል የተመለከቱ ጤነኛ ወንዶች ደም ውስጥ ግሬሊን የተባለው የረኃብ ሆርሞን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሰውየው ምንም ሳይሸትተው፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ሆዱ ተነሥቶ ይጠብቃል ማለት ነው። የኦክስፎርዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቻርለስ ስፔንስና ባልደረቦቹም በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፋቸው ስለዚሁ በምስል ስለሚቀሰቀስ ረኃብ በሰፊው ጽፈዋል። እኛ በበኩላችን ቁሌቱን በር ላይ የምናቁላላው ለዚሁ ስንል ነው፤ የእኛ ማስታወቂያ በአፍንጫ ይገባ ነበር፣ የእናንተ በዓይን ይገባል። ልዩነቱ አንድ ነው፦ የቁሌት ሽታ ከድስቱ ተለይቶ ሌላ ቤት ሊለጠፍ አይችልም። ፎቶ ይችላል። በደላችንም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ የእንቁላሉ ጉዳይ። ከሁሉ የከበደው ይኸ ስለሆነ በዝርዝር ልንገርዎ።

መጋላ ውስጥ ቁርስ ቤት ያላቸው አንድ ሐጂ የቡድናችን አባል ናቸው። ከንጋት ሶላት በኋላ በራቸውን ከፍተው ፉል፣ እንቁላል ፍርፍርና ሻይ ያቀርባሉ፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ድስታቸው ባዶ ነው። የፉላቸውን ፎቶ ልጃቸው አንሥቶ ልኮላችኋል። የእንቁላሉን አልላከም፤ እንቁላል ፍርፍር ምን ይመስላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። እናንተም ክፍቱን ቦታ በ«ተስማሚ ምስል» ሞላችሁት፦ ነጭ ሳህን፣ ሁለት ያልተገላበጠ የተጠበሰ እንቁላል፣ በቀይ ስጎ የራሰ ባቄላ፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ ከጎኑም ጠርዙ የተኮማተረ ሁለት ቀጭን ቀይ ሥጋ። የእንግሊዞች ቁርስ ነው። ሥጋው የአሳማ ነው።

ያንን ምስል የመረጠው ሰው ይሁን ማሽን አላውቅም፤ ያየው ግን እንቁላሉን ብቻ ነው። የመጋላ ሰው ያየው ሥጋውን ነው። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ፣ ከዚያ ሌላው መጣ፣ ቀትር ሳይሆን ወሬው አሸዋ ገበያ ደርሷል። የአሳማ ሥጋ በዚህ ከተማ በሙስሊሙም ቤት በክርስቲያኑም ቤት አይገባም፤ ስለዚህ የሚያስተባብልላቸው ወገን እንኳ አልነበረም። ሐጂ በዚያን ቀን በራቸውን ዘጉ። ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀመጡና ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ስልኩን እያሳዩ «ይኸ የእኔ አይደለም» ሲሉ ዋሉ። በሕይወታቸው ሙሉ በእጃቸው ያበሰሉትን ነገር ማስረዳት አስፈልጓቸው አያውቅም ነበር፤ ያላበሰሉትን ሲያስረዱ ዋሉ።

ምስሉ የተነሣው በሦስተኛው ቀን ነው። ከእናንተ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ «ምስሉ ለማሳያ ብቻ የቀረበ ነው» ይላል። ምን ያሳያል? ለማን?

ሁለተኛው የሽሮ ነው። ዐቢይ ጾም ዘንድሮ የካቲት 17 ገባ። የለገሃሬዋ አባላችን የምትታወቀው በተጋቢኖ ነው፤ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይወርዳል፣ በጾም ወራት ምሳ ሰዓት ላይ መቀመጫ አይገኝም። እናንተ በሽሮዋ ቦታ የሰቀላችሁት ቢጫ የምስር ሾርባ ነው፤ ላዩ ላይ ነጭ ክሬም በክብ በክብ ፈስሶበታል። ከሩቅ ለሚያየው ያምራል፣ አልዋሽም። ጿሚው ግን ክሬሙን አይቶ አለፈ። ሁለት ደንበኞች ደውለው «ወተት ትጨምሪበታለሽ እንዴ?» ብለው ጠየቋት፤ ያልደወሉትን ብዛት እግዚአብሔር ያውቃል። በዓመት ውስጥ ሽሮ ከሥጋ በላይ የሚሸጥበት ወቅት እነዚያ 55 ቀናት ናቸው፤ ግማሹን ያለ ትእዛዝ አሳለፈችው።

ሦስተኛው የሐኒድ ነው። ስለ ሐኒድ ሳወራ ይታገሡኝ፤ የድሬ ሰው ስለ ሐኒድ አሳጥሮ መናገር አይችልም። የበግ ወይም የፍየል ሥጋ ተሸፍኖ፣ ሳይቸኮል፣ በገዛ እንፋሎቱ ይበስላል፤ ከአጥንቱ በጣት ሲነኩት ይለቃል፣ ከሩዝ ጋር ይቀርባል። ከየመን ሰዎች ጋር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመጣ ምግብ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ድሬ ከደረሰ በኋላ ይህች ከተማ የየመኑን፣ የግሪኩን፣ የፈረንሳዩን፣ የሕንዱን ገበታ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከአማራው፣ ከሐረሪው ገበታ ጋር አንድ መንደር ውስጥ አቀመሰች፤ ሐኒድ የዚያ ታሪክ ቅሪት ነው። መልኩ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ፎቶ አይወድም። ግራጫ የመታው ቡናማ ሥጋ ነው፤ አያብረቀርቅም፣ አይጠቁርም፣ የእሳት ምልክት የለበትም። ጣፋጭነቱ ከውስጥ ነው።

እናንተ በእሱ ፋንታ ያደረጋችሁት ከነአጥንቱ የተጠበሰ፣ ላዩ እንደ ጫማ የሚያብለጨልጭ የበግ ታፋ ነው፤ የሮዝሜሪ ቅጠል ተሰክቶበታል፣ ዙሪያውን ትንንሽ ድንች ተደርድሮለታል። አንድ አባወራ ከጅቡቲ ለመጡ ዘመዶቻቸው ይህን አይተው የስድስት ሰው አዘዙ። የደረሳቸው ሐኒድ ነው፤ ትክክለኛው፣ የከተማው ሁሉ ሐኒድ። «ያዘዝኩት ይኸ አይደለም» ብለው መለሱት። እንፈርድባቸዋለን? አይናቸው የተጠበሰ ታፋ ጠብቋል፤ በእንፋሎት የበሰለ ሥጋ ሲመጣ እንደተታለሉ ቆጠሩት፤ ተታልለዋልም። ባጃጁ ምግቡን ይዞ ተመለሰ። ሒሳቡ የተቆረጠው ግን ከአታላዩ አይደለም፤ ከአባላችን የወሩ ሒሳብ ላይ ነው። ጨምረውም አንድ ኮከብ ሰጥተዋታል፤ ኮከቡ እስከዛሬ ከስሟ ሥር አለ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የማያቀርቡትን ምግብ በፎቶ ማሳየት የእናንተ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ የታወቀ ጉዳይ አለ። ካምቤል የተባለው ሾርባ አምራች ለማስታወቂያ በተነሣው ሾርባ ሥር የብርጭቆ ብይ አስቀምጦ ነበር፤ አትክልቱ ወደ ታች እንዳይሰምጥና ሾርባው አትክልት የሞላበት እንዲመስል። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነገሩን ይዞ በ1970 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ይህን ዘዴ እንዲተው ተደረገ። ልብ ይበሉ፤ ሾርባው የራሱ የካምቤል ነበር፣ አትክልቱም የራሱ ነበር። የተጨመረው ብይ ብቻ ነው። እናንተ ሾርባውንም ሳህኑንም ከሌላ አገር አምጥታችሁ ስማችንን ለጠፋችሁበት።

የምግብ ፎቶ አንሺዎች በወተት ፋንታ ነጭ ሙጫ፣ በአይስክሬም ፋንታ የድንች ገንፎ፣ በማር ፋንታ የሞተር ዘይት እንደሚጠቀሙ ሰምተናል፤ አንዳንዶቻችን ስንሰማ ስቀን ነበር። የካናዳው ማክዶናልድስ በ2012 እ.ኤ.አ. ራሱ ባወጣው ቪዲዮ የማስታወቂያው በርገር ለምን ከሱቁ በርገር እንደሚለይ አሳይቷል፤ ሽንኩርቱም ኪያሩም ከፊት ጠርዝ ላይ በትዕግሥት ይደረደራል፣ ሰዓታት ይፈጃል። ቢሆንም እነሱ ቢያንስ ያሳዩት የራሳቸውን በርገር ነው።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ይህን ስጽፍ የሳቢያኑ ወንድማችን ፊቱን አዙሯል፤ ክትፎውን ከማንሣቱ በፊት ዘይት በብሩሽ የሚቀባ እሱ ነው። እኔም ባለፈው ዓመት የፈጢራዬን ፎቶ ሳነሣ ማሩን ከወትሮው እጥፍ አፍስሼበታለሁ፤ አንዲት ደንበኛ መጥታ «የፎቶው ማር የት አለ?» ስትለኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማሩን ጨምሬ ሰጠኋት፣ ፎቶውንም በማግሥቱ ቀየርኩት። የእናንተን ፎቶ ግን መቀየር አልችልም፤ ቁልፉ በእጄ አይደለም።

አራተኛው ቅሬታችን፣ የራሳችንን ፎቶ ስንልክ የሚደርስብን ነው። ከላክናቸው አብዛኞቹ ተመልሰዋል። ምክንያቱ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ አስተርጉመን ስናነበው «የቀለም ሚዛን ጉድለት» ይላል። ጉድለቱ ምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ ራሳችን ደረስንበት። ድሬ ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ያለ ሸራ መሥራት አይቻልም፤ የአብዛኞቻችን ሸራ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ብርሃኑ በሸራው አልፎ ሲመጣ እንጀራው የበረደው ሰው ከንፈር ይመስላል። ቀይ ወጥ ቀዩ ሲጠፋበት ምን ይቀረዋል? ጭቃ። በአካል የሚበላው ሰው ይህን አያስተውለውም፤ ዓይኑ ቀለሙን እያረመ ያያል፣ አፍንጫውም ያግዘዋል። ካሜራ የዓይንን ያህል አያርምም።

አንድ ማለዳ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሸራው ሳይዘረጋ፣ ትሪውን ወደ በሩ አስጠግቼ ሞከርኩ። ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አደረግሁ፣ በሌላው ጎን የመሶቡን ነጭ ጨርቅ ልጄ ይዞ ቆመ። ፉሉ ላይ የፈሰሰው ዘይት አበራ፣ የሽንኩርቱ ጠርዝ ተለየ፣ የፈጢራው ንብርብር ተቆጠረ። ከፊት በስልኩ መብራት ሲነሣ ለጥ ብሎ የሚታየው ሽሮ እንኳ ከጎን ሲበራለት አረፋው ይታያል። ይህን ፎቶ ተቀበላችሁት። ሁለት ደቂቃ የምታስረዳ ሰው ብትልኩልን ኖሮ የሁላችንም ተቀባይነት ባገኘ ነበር፤ ለዚያ ክፍያ አያስፈልግም ነበር።

የፎቶ መመሪያችሁ ደግሞ ከሳህኑ አጠገብ ሹካና ቢላ ይኑር ይላል። ለምን? የእህቴ ልጅ ለዚህም መልስ አላት። ራያን ኤልደርና አራድና ክሪሽና የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በፎቶ ላይ ያለው ኬክ ሹካው በስተቀኝ ሲሆን ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተመልካች ኬኩን የመግዛት ፍላጎቱ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ተመልካቹ ሳያውቀው በሐሳቡ እጁን ዘርግቶ ሹካውን ስለሚያነሣ ነው። ትምህርቱ መልካም ነው፤ እናንተ ግን ሹካውን ወሰዳችሁ፣ ሐሳቡን ተዋችሁት። የእኛ ሰው ተጋቢኖ ሲያይ በሐሳቡ ሹካ አያነሣም፤ በቀኝ እጁ እንጀራ ይቆርሳል። ከትሪው በስተቀኝ አንድ ጥቅል እንጀራ ብታስቀምጡ ጥናቱን በትክክል ተጠቀማችሁበት ማለት ነው። ሹካው ግን የሚበላውን ሰው ከገበታው ያርቀዋል። በነገራችን ላይ ሹካ ለፎቶ የተዋሱ አባላት አሉን።

አምስተኛው ከፍለው ያስነሡትን ይመለከታል፤ ሦስት ናቸው። ባለሙያችሁ ትሑት ወጣት ነው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለንም። ይዞት የመጣው ሳህን ግን ትንሽ ጥቁር ሳህን ነው፤ ሩዝ በሥጋውም፣ ፈጢራውም፣ ጥብሱም በዚያችው ሳህን ተነሡ። ቤልጂጋዊው ተመራማሪ ዮሴፍ ዴልበፍ እ.ኤ.አ. በ1865 እንዳሳየው፣ አንድ ክብ በጠባብ ቀለበት ሲከበብ ትልቅ፣ በሰፊ ቀለበት ሲከበብ ትንሽ ይመስላል። በትንሿ ሳህን የተቆለለው ሩዝ ተራራ መሰለ። ያው መጠን በሰፊው የአልሙኒየም ዕቃ ተዘርግቶ ቤት ሲደርስ ደንበኛው «ቀንሳችሁብናል» ብሎ ጻፈ። አልቀነስንም። በዚያ ላይ በ35 ዲግሪ ሙቀት በባጃጅ የተጓዘ ፈጢራ ልስልስ ይላል እንጂ እንደ ፎቶው አይንኮሻኮሽም፤ ይህን ፎቶ አንሺው ሳይሆን ፀሐይዋ ነች የምትወስነው። ከፍለው የተነሡት ሦስቱ አባላት ከማንም ይበልጥ «መጠኑ አነሰ» የሚል አስተያየት ደርሶባቸዋል።

ስድስተኛው አጭር ነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም በገባበት ሳምንት ረመዳንም ተከተለ፤ ከተማው ከሞላ ጎደል በሙሉ ጾመኛ ነበር። እናንተ በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በየስልኩ የጥብስና የበርገር ምስል ትልኩ ነበር። ስለ ግሬሊን የነገርኩዎን ያስታውሱ። ጾመኛው ስልኩን እስኪዘጋ ተማረረ፤ የአንዳንዱ ስልክ ላይ መልእክቱ የመጣው በእኛ ምግብ ቤት ስም ስለሆነ ደግሞ ወቀሳውን የተቀበልነው እኛ ነን። ለእኛ እንኳ የማይጠቅም ነገር ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት ማን ሊያዝ? ያንኑ መልእክት ከማፍጠሪያ በፊት ሃያ ደቂቃ ሲቀር የሳምቡሳ ምስል አድርጋችሁ ብትልኩት የመጋላ ሴቶች በመረቋችሁ። ጨዋማ ምግብ በብዛት በፎቶ ያዩ ሰዎች ከዚያ በኋላ የበሉት ጨዋማ ኦቾሎኒ እምብዛም እንዳልጣማቸው ያሳየ የአሜሪካ ጥናትም አለ፤ ዓይንም ይጠግባል። ዝርዝራችሁን የከፈተ ሰው ግን አርባ በርገር ሳያልፍ ወደ አንድ ፉል አይደርስም።

ሕጉን በሚመለከት ብዙ አልልም፤ ጠበቃ አይደለሁም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አሳሳቹ እኛ ተደርገን እንዳንታይ እንፈራለን፤ ፎቶው ሥር ያለው የእኛ ስም ነውና።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

በስማችን የተሰቀሉት፣ ከእኛ ማዕድ ያልተነሡ ምስሎች በሙሉ ይውረዱ። የራሳችን ፎቶ እስኪደርሳችሁ ቦታው ባዶ ይሁን፤ «ሽሮ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው፣ የድሬ ሰው ሽሮ ያውቃል። ፎቶ ስለሌለው ብቻ ወደ ታች የሚወርድ ምግብ አይኑር።

ከእንግዲህ የሚነሣ ፎቶ በሚሸጥበት መጠንና ደንበኛው በሚደርሰው ዕቃ ይሁን። ጥቁሯ ሳህን ትቅር።

የምንልከው ፎቶ ሲመለስ ምክንያቱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ይነገረን።

የሐጂን የእንቁላል ጉዳይ በሚመለከት፣ ምስሉን የመረጠው ድርጅቱ እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ የሚገልጽ መልእክት፣ የአሳማው ሥጋ ምስል በታየበት በዚያው ገጽ፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይውጣላቸው። ይህ ጥያቄ ለድርድር የቀረበ አይደለም።

የተመለሰው የስድስት ሰው ሐኒድ ሒሳብ ለአባላችን ይመለስ፤ በእናንተ ምስሎች ምክንያት የተሰጡ ኮከቦችም ይሰረዙ። በትንሿ ሳህን ለተነሡት ሦስቱ አባላት የከፈሉት ገንዘብ ይመለስላቸው ወይም ያለ ክፍያ በድጋሚ ይነሡላቸው።

በጾም ወራት የሚላኩ የምስል መልእክቶችን ደንበኛው በቀላሉ የሚያጠፋበት መንገድ ይኑር፤ በእኛ ስም ከመላካቸው በፊትም እኛ እንጠየቅ።

መልስዎን እስከ ሰኔ 15 እንጠብቃለን። ካልመጣ ሁላችንም በአንድ ቀን ዝርዝራችንን ከመተግበሪያው እናነሣለን፤ በዚህ ላይ በስብሰባችን ተስማምተን ፈርመናል። ለመነጋገር ከፈቀዱ ደግሞ ሰው ይላኩልን፤ ቁርስ ቤቴ ከከዚራ ባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ይድረስ፣ ሸራው ከተዘረጋ በኋላ የምናሳየው ነገር ስለሌለን። ካሜራ ካለውም ይዞ ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣

የከዚራ፣ የመጋላ፣ የለገሃሬና የሳቢያን አነስተኛ ምግብ ቤቶች ባለቤቶች ቡድን ጸሐፊ፣
የፉልና የፈጢራ ቤት ባለቤት